ፋሲካ በራያ ቆቦ፦ ጾሙ፣ በሬውና የጎረቤት ድርሻ

ከወልድያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስባት የቆቦ ከተማ፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራሮች በምዕራብ የግዳንን ደጋ ይዛ፣ በሰፊው የራያ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሐሏን አቋርጦ ያልፋል። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ቆላ ሲሆን፣ ከምዕራቡ ደጋ የሚወርዱት ጎሊናና ሆርማትን የመሳሰሉ ወንዞች ለም ደለል አልብሰውታል። ሕዝቡ ማሽላና ጤፍ አምራች፣ ከብት አርቢም ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ፣ ተዛምዶ ይኖራል።

ለዚህ አገር ገበሬ የትንሣኤ በዓል የሚመጣው በዓመቱ እጅግ አስጨናቂ በሆነው ወቅት ነው። ማሽላ በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ይወቃል፤ ፋሲካ እስኪደርስ ድረስ ከጎተራው ወይም ከእህል ጉድጓዱ እየተቀነሰ ሦስትና አራት ወር ተበልቷል። ቀጣዩ ምርት ገና ሰባት ስምንት ወር ይቀረዋል። የበልጉ ዝናብ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይጠበቃል፤ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፣ አንዳንድ ዓመት ብቅ ብሎ ይጠፋል። እንደ ጅጉርቲና ደጋሌት ያሉት ዘግይተው የሚደርሱት የአካባቢው የማሽላ ዝርያዎች መዘራት ያለባቸው ደግሞ በዚሁ በሚያዝያና በግንቦት መባቻ ነው። እንግዲህ የቤቱ አባወራ በአንድ ወር ውስጥ ጾሙን ይጾማል፣ መሬቱን ያርሳል፣ ዘሩን ከሚበላው እህል ለይቶ ያስቀምጣል፣ ለበዓሉም ያስባል። ስለ ራያ ፋሲካ የሚነገረው ሁሉ፣ ከዶሮ ወጡ እስከ ቅርጫው፣ ከዚህ ጭንቀት ተለይቶ ቢነገር ግማሹ ይጎድላል።

የበዓሉ ቀን እንዴት ይታወቃል?

ትንሣኤ በየዓመቱ ቀኑን የሚቀያይር በዓል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን የምታወጣው በባሕረ ሐሳብ ሲሆን፣ ሥርዓቱ ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከቅዱስ ዲሜጥሮስ ጋር ተያይዞ ይነገራል። በዚህ ቁጥር መሠረት ፋሲካ ከመጋቢት 26 በታች አይወርድም፤ ከሚያዝያ 30 በላይም አይወጣም። ዐቢይ ጾም ደግሞ ቢወርድ የካቲት 1፣ ቢወጣ መጋቢት 5 ቀን ይገባል።

ቁጥሩ ለተማረው ሰው አስቸጋሪ አይደለም። የ2018 ዓ.ም.ን ለማውጣት በመጀመሪያ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5 ሺህ 500 ይደመራል፤ 7 ሺህ 518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። ከዚህ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መጥቅዑ ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነበር፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ስለሆነ ሁለቱ ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 25 ይወጣል። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን የገባው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ላይ የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ሲጨመር የካቲት 9፣ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመር ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን ይገኛል።

ይህ ቁጥር ለካህኑ የሥርዓት፣ ለገበሬው የእርሻ ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ፤ በ2018 ሚያዝያ 4 ቀን። በሁለቱ መካከል የ23 ቀን ልዩነት አለ። በዓሉ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ሕማማቱ ከዘር ወቅት ጋር ይገጥማል፤ ቀድሞ በሚውልበት ዓመት ደግሞ ገበሬው ከበዓሉ በኋላ ለመጨረሻው እርሻ ፋታ ያገኛል። የሰበካው ካህን ገና በመስከረም የዓመቱን አጽዋማት ሲያውጅ አርሶ አደሩ በጥሞና የሚያዳምጠው ያለ ነገር አይደለም።

ሃምሳ አምስት ቀን

ዐቢይ ጾም ስምንት ሳምንት ይቆያል፤ ሰኞ ገብቶ ቅዳሜ ስለሚፈጸም 55 ቀን ነው። ሳምንታቱ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና ይባላሉ። ከመግባቱ በፊት ያለው የቅበላ ሰሞን ነው፤ ያለው ያርዳል፣ የሌለው እንቁላልና ወተቱን አያልፍም። ጾሙ ሲገባ ግን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከክርስቲያኑ ማዕድ ይነሣሉ። ሠርግ አይደገስም፣ ዘፈን አይዘፈንም። በቤተ ክርስቲያንም ከበሮና ጽናጽል ተቀምጠው ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ እየተመሩ የቅዱስ ያሬድን ጾመ ድጓ ያዜማሉ።

የጾም ወጥ ቤት ከፍስኩ ይልቅ ብልሃት ይጠይቃል። ሽሮና ምስር የዘወትር ናቸው። ተልባና ሱፍ ተቆልተው፣ ተወቅጠውና ተበጥብጠው እንጀራ ይፈተፈትባቸዋል። ባቄላና ሰናፍጭ ተዋሕደው የሚብላሉት ስልጆ ከቀን ቀን እየጎመዘዘ ይጣፍጣል፤ ስልጆ የሠራች እመቤት ጎረቤቶቿ ማሰሮ ይዘው እስኪመጡ አትጠብቅም፣ ራሷ ታካፍላለች። በቆላው እንጀራው በአብዛኛው የማሽላ ነው። በኮቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውኃ መስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ከመጣ ወዲህ ደግሞ የጾሙ ገበታ ከቀድሞው ይልቅ ቀለም አግኝቷል።

የጾም ሥርዓቱ ልጆችን ከሰባት ዓመት ጀምሮ ይመለከታል። በተግባር ግን እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጠን አለው። ታዳጊዎች እስከ ቀትር፣ ጠና ያሉት ቅዳሴ እስኪወጣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ሞፈር ይዞ ጎሕ ሲቀድ የሚወጣው ገበሬ ከቆላው ፀሐይ ጋር ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱ ቀላል ፈተና አይደለም፤ ስለዚህም ጥማዱን ማልዶ ጠምዶ ሙቀቱ ሳይበረታ መፍታት የጾም ወራት ልማድ ነው። ነፍሰ ጡር፣ አራስና በሽተኛ የንስሐ አባታቸውን አማክረው እንደ አቅማቸው ይጾማሉ። የሕክምና ባለሙያዎችም የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙን እንዲያማክር ይመክራሉ፤ ብዙ አረጋውያን ይህን ምክር እንደ ድክመት ስለሚቆጥሩት ልጆች ደግመው ደጋግመው ሊነግሯቸው ይገባል።

ራያ ከብት የበዛበት አገር በመሆኑ በጾሙ ወራት ወተቱ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ በየቤቱ አለ። ለሕፃናት የሚሆነው ይወሰዳል፤ የቀረው ይረጋና ይናጣል፣ ቅቤው እየነጠረ ለፋሲካ ይቀመጣል። ከከተማ አቅራቢያ ያሉት ወተቱን ለሙስሊም ጎረቤቶቻቸውና ለቡና ቤቶች ይሸጣሉ። የወተት ዋጋ በጾም ሲወርድ፣ የቅቤ ዋጋ ደግሞ በሕማማት ሲንር የታወቀ ነው። ቅቤዋን እስከዚያ ሳምንት ያቆየች ሴት ለልጆቿ ልብስ የምትገዛው በዚህ ገንዘብ ነው።

ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የረመዳን ጾም ከዐቢይ ጾም ጋር ተገናኝቷል። የእስልምናው ዘመን አቆጣጠር በጨረቃ ስለሚሄድ ረመዳን ከፀሐይ ዓመት ጋር ሲነጻጸር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመለሳል። በ2016 ዓ.ም. ሁለቱም ጾሞች በአንድ ቀን፣ ሰኞ መጋቢት 2፣ ገቡ፤ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአንድ ሳምንት ውስጥ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ቀን ተከበሩ። በቆቦ ገበያ በእነዚህ ዓመታት ቀን ቀን ምግብ ቤቱ ጭር ይላል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንደኛው ወገን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሌላኛው ወደ ማዕዱ ይቀርባል። ቡና አንድ ላይ ለሚጠጡ ጎረቤቶች ሰዓቱ ስለማይገጥም የቡናው ማኅበር ወደ ማታ ይዛወራል።

ሕማማት

ከሆሳዕና ማግስት የሚጀምረው ሰሙነ ሕማማት ከጾሙ ሁሉ የከበደው ነው። በሆሳዕና እሑድ ምእመናን ዘንባባ ይዘው ይወጣሉ፤ ልጆች ዘንባባውን በቀለበትና በመስቀል ቅርጽ እየጎነጎኑ በጣታቸውና በግንባራቸው ያስራሉ። በሳምንቱ ውስጥ ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ዕለት በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ የፍትሐት ጸሎት ይደረሳል። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ቅዳሴ የለም፤ ክርስትና አይነሣም፤ መስቀል መሳለምም ሆነ ተሳስሞ ሰላምታ መለዋወጥ ይቀራል፤ የይሁዳ መሳም ይታሰብበታልና። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ የምእመናንን እግር ያጥባል፣ ቅዳሴም ይቀደሳል።

ዓርብ ስቅለት ነው። ሰው ከጠዋት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲሰግድ ይውላል። ማምሻውን ካህናቱ ወይራ ይዘው ይቆማሉ፤ ምእመኑ እየቀረበ ትከሻውን በቀስታ ይጠበጠባል፣ ተጨማሪ ስግደትም ይታዘዝለታል። ከዚያ በኋላ ቤት ተመልሶ የሚቀመሰው ጉልባን ነው፤ የተከካ ባቄላና ስንዴ ያለ ቅመም በጨው ብቻ ተቀቅሎ። በአማራ ክልል በልዩ ልዩ ስፍራዎች ልጆች በዚህ ሰሞን ሚሻሚሾ እያሉ ከቤት ቤት ዞረው እህልና ዱቄት ይለቅማሉ፤ የለቀሙትን አብስለው አብረው ይበሉታል። ቆየት ያሉ ሰዎች እንደሚሉት ልመናው ሀብታምና ድኃ ሳይለይ ለሁሉም ልጅ የተገባ ነበር፤ ዛሬ በከተማ እየቀረ ነው።

የጠነከሩት ከዓርብ፣ አንዳንዶችም ከሐሙስ ማታ ጀምሮ፣ እስከ እሑድ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምሱ ያከፍላሉ። ቅዳሜ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለምትጾም ቅዳም ሥዑር፣ በሕዝቡ አነጋገር ቅዳም ሹር፣ ትባላለች። ካህናቱ ቃጭል እየመቱ ቄጤማ ለየቤቱ ያድላሉ፤ ምእመኑ በራሱ ላይ ያስረዋል። ቄጤማው የኖኅ ርግብ ይዛው የመጣችውን ቅጠል ያስታውሳል፤ የጥፋት ውኃ መድረቁንም ያበስራል። በቆላው ለምለም ቄጤማ የሚገኘው ከወንዝ ዳርና ከመስኖ ቦይ አካባቢ በመሆኑ በደረቅ ዓመት እሱን ማግኘትም ራሱን የቻለ ድካም ነው።

ከሕማማት በፊት ሊጠናቀቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ፤ ዕርቅ። ተጣልቶ ያልታረቀ ሰው ሊቆርብ አይችልም። የንስሐ አባቶች በጾሙ መካከል ባልና ሚስትን፣ ወንድማማቾችን፣ በድንበር የተካሰሱ ጎረቤቶችን የሚያነጋግሩት ለዚህ ነው። ነገሩ ከፍ ሲል፣ በተለይ ደም ሲፈስ፣ በራያ ቆቦ ዘወልድ በመባል የሚታወቀው የሽማግሌዎች ሥርዓት ይገባበታል። በዚህ ሸንጎ ክርስቲያንና ሙስሊም ሽማግሌ አብረው ይቀመጣሉ። ደም የተቃቡ ወገኖች በአንድ ገበያ መገበያየት፣ በአንድ ወንዝ ከብት ማጠጣት ስለማይችሉ፣ ዕርቁ የሁለት ቤተሰብ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ሁሉ ጉዳይ ነው።

በሬው

በገጠሩ የፋሲካ ክርክር የሚነሣው በበሬ ላይ ነው። ቅርጫ የሚባለው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ጎረቤታሞች ተሰባስበው አንድ በሬ ይገዛሉ፣ አርደው በእኩል መደብ ያካፍላሉ፣ መደቡ ላይ ዕጣ ይጥላሉ። ከሥጋው፣ ከአጥንቱ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከፋዩም እንደ ስምምነቱ በጥሬ ገንዘብ ወይም ምርት ሲደርስ ይከፍላል። አንድ አባወራ ብቻውን ሊደፍረው የማይችለውን ሥጋ አሥርና ሃያ ሆነው ይደፍሩታል።

ክርክሩ የሚመጣው በሬው ለእርሻም ለዕርድም በአንድ ወር ስለሚፈለግ ነው። በፋሲካ ዋዜማ የሰንጋ ዋጋ ከዓመቱ ሁሉ ይበልጣል። ጥማድ ያለው ገበሬ አንዱን በሬ ቢሸጥ ለልጆቹ ልብስ፣ ለማዳበሪያ፣ ለዕዳው ይበቃው ይሆናል፤ ነገር ግን የበልጉ ዝናብ በማግስቱ ቢጥል መሬቱን በምን ያርሳል? ያንዱን በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምዶ በመቀናጆ ማረስ ይቻላል፤ ሆኖም ተራ መጠበቅ አለ፣ የቆላ ዝናብ ደግሞ ተራ አይጠብቅም። አፈሩ እርጥበቱን ይዞ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው። ልምድ ያላቸው አባወራዎች ለዕርድ የሚሆነውን፣ ጥርሱ የሄደውንና ቀንበር የማይችለውን በሬ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ በማሽላ አገዳና በጭድ እያደለቡ ለብቻው ያዘጋጃሉ፤ የእርሻ በሬያቸውን ወደ ገበያ አይነዱም። ድርቅ በመታበት ዓመት ግን ይህ ብልሃት አይሠራም። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ጊዜ የራያና የቆቦ ገበሬ ጥማዱን በርካሽ ሸጦ ወደ ኮረም መጠለያ ተሰደደ፤ ከዚያ የተመለሰው ለማረስ ያጣው ከዘሩ ይልቅ በሬውን ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ሳቢያ በደረሰው ድርቅም ከብት በየመንገዱ ሲነዳ ታይቷል። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ ማሽላውን ሲበላው ደግሞ የሄደው አገዳው ጭምር ነው፤ የከብት መኖ አብሮ ሄደ።

ስለዚህ በአንድ መንደር ቅርጫ አለመታረዱ ሁልጊዜ የድህነት ምልክት አይደለም። አንዳንዴ ዶሮና በግ አርዶ በሬውን ለሞፈር ያቆየ መንደር የተሻለ ዘመን ይገጥመዋል።

ሌሊቱና አክፋዩ

ቅዳሜ ማታ ቤተሰቡ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወርዳል። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ የትንሣኤው ብሥራት ይነገራል፤ ጧፍ ይበራል፣ ከበሮና ጽናጽል ከሁለት ወር ዝምታ በኋላ ይሰማሉ፣ እልልታው ጨለማውን ይሞላዋል። ቅዳሴው ወደ ንጋት ያልቃል። ወደ ቤት የተመለሰ ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቀምሰው ተልባ ነው፤ ባዶ የዋለ ሆድ በድንገት ቅባት እንዳይጎዳው። ከዚያ ዶሮ ወጡ ይቀርባል። ዶሮዋ በ12 ብልት ትወጣለች፣ ብልቶቹም እንደ ዕድሜና እንደ ክብር ይከፋፈላሉ። ድፎው ተባርኮ ይቆረሳል፤ ቆራሹ የቤቱ ታላቅ ወይም የንስሐ አባት ነው።

በዓሉን ከሌሎቹ በዓላት የሚለየው አክፋይ ነው። ጎጆ የወጣ ልጅ ለወላጆቹ፣ አማች ለአማቶቹ፣ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱና እናቱ ዳቦ፣ ጠላ፣ ዶሮ ወይም በግ ይዞ ይሄዳል። ተቀባዩም ባዶ እጁን አይመልሰውም፤ ይመርቀዋል፣ ጥጃም ጥጥም ቢሆን ያለውን ይሰጠዋል። የአክፋይ ጉዞ በበዓሉ ማግስትና በሳምንቱ ይቀጥላል። ሰኞ ማዕዶት፣ ማክሰኞ ቶማስ፣ ረቡዕ አልዓዛር፣ ሐሙስ አዳም፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ አንስት ይባላል፤ እሑድ ዳግማ ትንሣኤ ነው። ለዓመት ያልተያዩ ዘመዳሞች የሚገናኙት፣ የልጆች ጋብቻ የሚታሰበው፣ የወላጅ ጤና የሚታየው በዚህ ሳምንት ነው። ከቆቦ ወደ ወልድያ፣ ወደ ሮቢት፣ ወደ ጎብዬ የሚሄዱት መኪኖች በዶሮና በጀሪካን ጠላ የሚጨናነቁትም ለዚሁ ነው።

የጎረቤት ድርሻ

ክርስቲያኑ በሙስሊም የታረደ፣ ሙስሊሙም በክርስቲያን የታረደ ሥጋ አይበላም። ይህ ልዩነት በወሎ ማዕድን አልለያየም፤ ይልቅ ሌላ ሥርዓት ወልዷል። ሙስሊም ጎረቤቱን ለፋሲካ የሚጠራ ክርስቲያን በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ ይሰጠዋል፤ እንግዳው በራሱ ሥርዓት ባርኮ ያርዳል፣ በተለየ ድስት ይበስላል፣ በተለየ ሰሃን ይቀርባል። ጠላ ለማይጠጣው ቀሪቦ ወይም ብርዝ ይዘጋጃል። ዒድ ሲሆን ደግሞ ተራው ይገለበጣል። ከዚህ ያነሰ አቅም ያለው ቤት ዳቦ፣ ፈንዲሻና ቡና ያቀርባል፤ ቂም የሚያዘው ባለመታረዱ ሳይሆን ባለመጠራቱ ነው።

ይህ መቀራረብ ከታሪክም የመጣ ነው። በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ ብዙ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ ተገድደዋል፤ ኢማም መሐመድ አሊ ራስ ሚካኤል የተባሉት ያኔ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ በአዲሱ እምነት ጸና፣ ሌላው ወደ ቀደመው ተመለሰ፤ ወንድምና ወንድም በሁለት ሃይማኖት የቀረበት ቤት ብዙ ነው። አያቱ መሐመድ፣ የልጅ ልጁ ገብረ መስቀል የሆነ ሰው በወሎ አይገርምም። ያ የግዳጅ ዘመን ያቆሰለውን ነገር ቆይቶ የጠገነው መጋባቱና በአንድ ቅሬ መቀበሩ እንጂ አዋጅ አልነበረም።

ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ነው። ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያበላል። በፋሲካ ሰሞንም ሥራ አለው። በዓመቱ ሰው የሞተበት ቤት በዓልን በደስታ አያከብርም፤ አንዳንዱ ዶሮም አያርድም። ጎረቤቶች ግን ዳቦና ወጥ ይዘው ገብተው ሐዘንተኛውን ከጾሙ ያስገድፉታል፤ ሳይቀምስ ጥለውት አይወጡም።

ይህ ልማድ ከ2013 ዓ.ም. በኋላ በቆቦ ከባድ ሸክም ተሸክሟል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ጦርነቱ ከተማዋን ደረሰ፤ በጳጉሜን በቆቦና በዙሪያዋ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ውጊያው ዳግም የተቀሰቀሰው በዚሁ አካባቢ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነቱ እስኪፈረም ድረስ ብዙ ቤተሰብ ተሰዶ ተመልሷል። በአንድ መንደር አንድ ሐዘን ቤት ሲኖር ጎረቤት ያጽናናል፤ ሐዘን ቤቱ ብዙ ሲሆን ግን አጽናኙና የሚጽናናው አንድ ይሆናሉ። በእነዚያ ዓመታት በየቤቱ መዞሩ በቂ ስላልነበረ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ጾም መግደፍ ለብዙዎች መፍትሔ ሆኗል።

በሌላ መንገድ የጎደሉም አሉ። ከራያ ቆቦ ብዙ ወጣቶች በአፋር በረሃ አድርገው በጅቡቲና በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሰደዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከወሎ የሄዱት ቁጥራቸው ቀላል አልነበረም፤ መንገዱ ግን አልተዘጋም። በፋሲካ ሌሊት እናት ስልኳን ከአጠገቧ አታርቅም። ልጁ ደውሎ ድምፁ ከተሰማ የላከው ገንዘብ ማነስና መብዛት አይነሣም። በዚያ አገር ፋሲካ የሥራ ቀን ስለሆነ አንዳንዱ የሚደውለው ቅዳሴው ካለቀ ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ ማዕዱ ተነሥቶ እናትየው ብቻ ሳትቀምስ የምትጠብቅበት ቤት አለ።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ፋሲካ ሚያዝያ 11 ቀን የዋለው ምእመናን በየቤታቸው ሆነው ቅዳሴውን በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሲከታተሉ ነው። መብራት በማይደርስባቸው ቀበሌዎች ሬዲዮ ያለው ቤት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጎረቤት ያሰማ ነበር።

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ

ከትንሣኤ ጀምሮ ለ50 ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምም። በጾሙ የታገደው ሠርግ ይከፈታል፤ ከዳግማ ትንሣኤ ጀምሮ በሚያዝያና በግንቦት ዳሱ ይበዛል። ሠርጉና ዘሩ ስለሚጋፉ ግን ደጋሹ ቀኑን ሲቆርጥ ሰማዩን ያያል። ሚያዝያ 23 የጊዮርጊስ፣ ግንቦት 1 የልደታ በዓላት በመካከል አሉ፤ በእነዚህ ቀናት ሞፈር አይነሣም፤ ከእነርሱ ውጭ ዝናብ ከጣለ ሙሽራው ራሱ ጠምዶ ሊወጣ ይችላል።

በ2018 ዓ.ም. አቆጣጠር ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 እሑድ ይውላል፤ በማግስቱ ሰኞ ግንቦት 24 ጾመ ሐዋርያት ይገባል። እስከዚያ ቀን ድረስ ዘግይቶ ደራሹ ማሽላ መሬት ካልገባ ገበሬው ዘሩን ይለውጣል፤ ጅጉርቲውን ትቶ ፈጥኖ የሚደርስ ማሽላ ወይም በሐምሌ ጤፍ ይዘራል።